ጋሽ ይመርና የአባቴ ቤት መሠረት

የጋሽ ይመርን ሞት የሰማሁት ሲሚንቶ ልገዛ ወጥቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የግቢያችን ቦይ ጠርዝ ላይ አንዲት ድንጋይ ተፈንቅላ ነበርና ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ፈልጌ ወደ ገበያው መንገድ ወረድኩ። የገበያ ቀን ሆኖ ሳለ ብረትና ሚስማር፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጡት ሱቆች በሙሉ ተዘግተዋል። ከአንደኛው ደጃፍ ባለቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ምን ሆናችሁ ብዬ ስጠይቀው፣ «ግንበኛው አረፉ። ዛሬ ሲሚንቶ የሚሸጥ የለም» አለኝ። የትኛው ግንበኛ ብዬ አልጠየቅኩም። በከተማችን በመካነ ሰላም ግንበኛ ሞልቷል፤ «ግንበኛው» ተብለው የሚጠሩት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ። ከከላላ በኩል ከየገጠሩ በበቅሎ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ ብለውኛል። እኛ ሴቶቹ ከባለቤታቸው ከእትዬ ከድጃ ጋር ቤት ቀረን። እትዬ ከድጃ እያለቀሱ በመሃል ፈገግ ይሉ ነበር። እሳቸው ዳቦ ገዝተው ሲመጡ እንኳ ባላቸው እንደ ግድግዳ በጣታቸው ሳያንኳኩ እንደማይቆርሱ ሲነግሩን፣ አጠገባቸው የተቀመጥነው ሁሉ ሳንወድ ሳቅን፤ ሳቁ ደግሞ መልሶ አስለቀሰን። እኔ ጋሽ ይመርን በቅርብ ያወቅኋቸው በልጅነቴ አይደለም። ካደግሁ፣ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ የአባቴን ቤት ልናድስ በተነሣንበት ጊዜ ነው። እሳቸውን በማወቄ እኮራለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ።

አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰው ነበሩ። መዳፋቸው ከሲሚንቶ ጋር ከመኖር ብዛት ተሰነጣጥቆ የበጋ ዋልካ መሬት ይመስል ነበር። ጆሯቸው ትልልቅ ነው፤ ሰው በዚህ ሲቀልድባቸው «ግንበኛ በጆሮው ነው የሚያይ» ብለው ያልፉታል። አንድ ቤት እዩልን ተብለው ሲጠሩ ሜትር አያወጡም፣ ፕላን አምጡ አይሉም። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ውሃው የት ይሄዳል?» ብለው ነው። ባለቤቱ ስለ ሳሎኑ ስፋትና ስለ መስኮቱ መስታወት ሲያወራላቸው እሳቸው ዓይናቸውን ጣራው ጠርዝ ላይ ተክለው የዝናቡን መንገድ ይከተላሉ። ልስን አይወዱም። ልስን ኩል ነው፣ ያሳምራል እንጂ አያጠናክርም ይሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ከከተማው ለሳኞች ጋር ብዙም ፍቅር አልነበራቸውም። አንዱን ለሳኝ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ለባለቤቱ ሳይነግር ለስኖ ሸፈነ ብለው ለሁለት ዓመት ሰላምታ ነስተውታል። ሰውየው በሰው በሰው ሽማግሌ ልኮ ነው የታረቁት። ግትር ነበሩ፤ አልደብቅም።

ቤታችን ከከተማው ዳር ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከመንገዱ በኩል ላየው ተራ የጭቃ ቤት ነበር፤ ከኋላ ለዞረ ግን ከሥሩ እህል የምናስቀምጥበት ምድር ቤት አለው። የምድር ቤቱ ግድግዳ፣ ማለትም የቤቱ መሠረት፣ ቀይ ሸክላ ነበር። እንደ ተራ ጡብ ድፍን አይደለም። ትልልቅ፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ውስጡ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀዳዳ የተከፋፈለ ባዶ ሸክላ ነው። አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አዲስ አበባ እህል አራግፎ ባዶውን በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ፣ ከአንድ ከፈረሰ መጋዘን የተረፈ ሸክላ አስጭኖ መጣ። ጥቁር ድንጋይ በየማሳው ዳር ተከምሮ በሚገኝበት አገር ሸክላ ከአዲስ አበባ ድረስ ማምጣት ጉድ ተባለ። ሥራው ሲያልቅ ለማየት ከከላላ የመጣ ሰው ነበር። እኛ ልጆቹ ስናድግ «የቀዩ ቤት ልጆች» ነበር የምንባለው። አባቴ ሲሞት መሬትም ከብትም አልተወልንም፤ የተወልን ያንን ግድግዳና በሱ መኩራትን ነው።

እህቴ ትርንጎ ዐረብ አገር በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ለሁለት ወር እረፍት ስትመጣ አንድ ሐሳብ ይዛ ነበር የመጣችው። የጭቃውን ግድግዳ አንሥቶ በብሎኬት መሥራትና ከላዩ አንድ ፎቅ ማውጣት። እናታችን ፀሐይ የሚገባበት ክፍል እንድታገኝ፣ እሷም ጠቅልላ ስትመለስ የምታርፍበት እንዲኖራት ነው። ከደሴ አንድ ሥራ ተቋራጭ መጣ። ግቢውን ዞረ፣ ምድር ቤቱን ከበሩ ላይ ቆሞ በእጅ ባትሪ አየ፣ ቀዩን ግድግዳ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። ሸክላ አይበሰብስም፣ መሠረቱ እንዳለ ይቆያል፣ በሱ ላይ መቀጠል ብቻ ነው አለን። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየም። ትርንጎ ፊቷ በራ። እኔም ደስ አለኝ። እናታችን ብቻ፣ ከመነካቱ በፊት ይመር ይየው አለች። ለምን ስንላት፣ ይየው ብያለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ገባች።

ወሩ ጥር ነበር። ጋሽ ይመር በማለዳ መጡ፤ የያዙት ትንሽ መዶሻ፣ ቱንቢና አንድ ቁራጭ ከሰል ነው። ዝናብ ስላልነበረ ጣራው ላይ ሰው አስወጥተው በባልዲ ውሃ አስደፉ። እሳቸው ከታች ቁጢጥ ብለው ተመለከቱ። ውሃው ከቆርቆሮው ተንሸራቶ በተበሳው አሸንዳ አለፈና ከቤቱ እግር ሥር፣ በዳገቱ በኩል ወደቀ። ወደ ቦይ አልሄደም፣ ወደ ግቢው አልወረደም፤ መሬቱ ጠጣው። ሁለተኛ ባልዲ አስደፉ። እሱም እዚያው ጠፋ። ስንት ክረምት እንዲህ ጠጥቷል አሉ፣ ለራሳቸው እንጂ ለእኛ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ምድር ቤቱ ገቡ። የእህሉን ጆንያ ከግድግዳው አስራቁና በመዶሻቸው እጀታ ከበሩ ጀምረው አንድ በአንድ ያንኳኩ ጀመር። ደህናው ሸክላ እንደ ደህና እንስራ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ እዚያው ይሞታል። ድምፁ በሞተበት ሁሉ በከሰሉ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ። እኔ ባትሪ ይዤ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ጭረቶች ቆጠርኩ፣ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ወደ ቀትር ላይ የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ንቅሳት የተነቀሰ አንገት መስሎ ነበር። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የወጣበትን ቦታ በጥፍራቸው ፍቀው ቀመሱትና፣ ጨው ነው፣ ውሃ ከውስጥ ሲወጣ የሚተወው ነው አሉኝ። በውጭው በኩል ደግሞ የሸክላው ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነሣበትን አሳዩኝ። የረጠበውን ሸክላ የኅዳር ውርጭ ሲመታው እንዲህ ይልጠዋል። ቱንቢውን ከላይ በሚስማር ሲሰቅሉት ክሩ ከላይና ከታች ከግድግዳው ራቀ፤ መሃሉ ላይ ግን ነካው። ግድግዳው በአፈሩ ግፊት ሆዱን ነፍቶ ኖሯል።

በሁለተኛው ቀን ከሁሉ የባሰ ድምፅ የሰጠውን አንድ ሸክላ መርጠው በቀጭን መሮ ይከፍቱት ጀመር። ይህ ዓይነቱ ሸክላ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይበታተናል። ስለዚህ እንደ እንቁላል ነበር የሚነኩት። መሮው ዘልቆ ሲገባ ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ፈልቆ በግድግዳው ላይ ቁልቁል ወረደ። ከጥቅምት ወዲህ ጠብታ ዝናብ አልጣለም ነበር። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ውሃው እግሯ ሥር እስኪደርስ አየችው።

ጋሽ ይመር መሮውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «በዚህ ላይ ፎቅ አይወጣም» አሉ።

በማግስቱ ተቋራጩ ተጠርቶ መጣና ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቁጭ አልን። ተቋራጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ውሃው ይደርቃል፣ ግድግዳውን ከውስጥ በወፍራም ሲሚንቶ ለስነን እንዘጋዋለን አለ። ጋሽ ይመር፣ ከውስጥ ከዘጋህበት ውሃው እዚያው ይቀራል እንጂ አይወጣም አሉት። ሰውየው ወደ ትርንጎ ዞሮ የድሮ ግንበኞች አዲስ ነገር እንደሚፈሩ አስረዳት። ትርንጎም ልቧ ወደሱ አዘነበለ። የቀራት ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም፤ ቤቱ ሲጀመር እንኳ ሳታይ መመለስ አልፈለገችም። በመጨረሻ ተቋራጩ በትሕትና፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት ድንጋይ ነው። ይህን ሸክላ ከየት ያውቁታል? በዚህ አገር ከዚህ ቤት በቀር የለም እኮ።»

ጋሽ ይመር ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። 

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ይህን ከእናቴ በቀር ከመካከላችን ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ግድግዳው ሲሠራ እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ትርንጎ አልተወለደችም። አባቴ ሲያወራም ሸክላውን ያመጣው እሱ መሆኑን እንጂ የገነባው ማን እንደሆነ አንሥቶ አያውቅም። ጋሽ ይመር ግን ያን ዕለት ሁሉንም ተናገሩ። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ድንጋይ እንጂ ሸክላ ነክተው አያውቁም። ሸክላው ሲራገፍ የመኪናው ሾፌር፣ ይህ ለክፍል መለያ የሚሆን ነው፣ አፈር ውስጥ አይገባም ብሏቸው ነበር። ሰምተዋል። ሆኖም ሥራው ከድንጋይ ይልቅ ይፈጥናል፣ ያምራል፤ አባቴም ይቸኩል ነበር። ቀዳዳውን ወደ ጎን አጋድመው፣ ሸክም በማይችልበት በኩል ደረደሩት። ሲያልቅ አገር መጥቶ አደነቀ። ስማቸው የወጣው በዚያ ግድግዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከኩታበር ሳይቀር ሥራ ይጠሯቸው ጀመር። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ እዚሁ ቤት ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ጨዉን አዩት። የጭቃ ቤት ቀላል ነው፣ ይሸከመዋል ብለው ዝም አሉ።

«ዝም ያልኩት ስሜን ፈርቼ ነው» አሉ። «አሁን ግን ይህች ልጅ ዕድሜዋን አምጥታ በሱ ላይ ልትጭን ነው። ቤት አማና ነው፤ የሰው አደራ ነው። በአማና ላይ ዝም አይባልም። አፉ በይኝ፣ ስንዱ።»

ስንዱ እናቴ ናት። «የሠራው እጅ ያውቀዋል ብዬ ነው የጠራሁህ፣ ወንድምዓለም» አለቻቸው። «ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ።»

ተቋራጩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ሲሄድ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ፤ የጋሽ ይመርን ግን በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ነው የጨበጠው።

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እንጀራቸው ስማቸው ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ ፎቁ ይወጣ ነበር፤ አንድ ቀን ሲሰነጠቅም የሚወቀሰው ተቋራጩ ነበር እንጂ እሳቸውን የሚያነሣ አልነበረም። የግድግዳውን ጉድለት ብቻ ተናግረው የሠሪውን ስም መተውም ይችሉ ነበር። እኔ በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ስህተት ተማሪ ሲያሳየኝ እንኳ ፊቴ ይቀላል። እሳቸው ስማቸው የወጣበትን ሥራ በሰው ፊት ስህተት ነው አሉት፤ ድምፃቸውም አልተንቀጠቀጠም።

ትርንጎ ግን ያን ጊዜ ይህን የምታይበት ልብ አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። በማግስቱ ጋሽ ይመር ቤት ሄድን። ቁጣዋን ይዛ ነበር የገባችው፤ ስትናገር ግን ቁጣው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«አሥራ አንድ ዓመት የሰው ግድግዳ ስወለውል ነው የኖርኩት፣ ጋሽ ይመር። አሁን የራሴን አንድ ግድግዳ ሳላይ ልመለስ?»

እሳቸው አላባበሏትም። «አዎ፣ ሳታይው ትመለሻለሽ» አሏት። «አንድ ክረምት ስጪኝ። እናትሽ ከቤቷ ሳትወጣ መሠረቱን በድንጋይ እለውጠዋለሁ። ክረምቱ በላዩ ካለፈ በኋላ እኔ ራሴ ፎቅሽን አውጪ እልሻለሁ። ካላልኩሽ አታውጪ።»

 እትዬ ከድጃ ሻይ አምጥተው አጠገቧ አስቀምጠው፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ ጀርባዋን ያሻሹ ነበር። በመጨረሻ እሺ አለች። የካቲት ውስጥ ተመለሰች። መናኸሪያ ስሸኛት ስለ ቤቱ አንድም ነገር አላነሣችም፤ እናቴን ጠብቂልኝ ብቻ አለችኝ።

ጋሽ ይመር ከሁሉ በፊት ውሃውን አባረሩት። አሸንዳው ተቀየረ፤ በዳገቱ በኩል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ቤቱን ዞሮ ወደ ገደሉ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚያ ቤቱን በባሕር ዛፍ ባላ ደገፉት። ከአንድ ጥግ አንድ እርምጃ ያህል ቀዩን ግድግዳ አውጥተው በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባሉ፣ እስኪጠነክር ይጠብቃሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ትተው ራቅ ያለውን ይከፍታሉ። ጥርስ ሁሉ በአንድ ቀን አይነቀልም ይሉ ነበር። ሠራተኞች ነበሯቸው፤ ድንጋይ አቀበሉ፣ አቦኩ፣ አፈር አወጡ። ድንጋዩን ያስቀመጡት ግን ሁሉንም እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ሥራው መሃል ላይ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኙ። ጋሽ ይመር ጾመው ከታች ይገነባሉ፣ እናቴ ጾማ ከላይ ሥራዋን ትሠራለች። ቀትር ላይ በምድር ቤቱ በር ሲገናኙ፣ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም፣ «የሁለታችንንም ይቀበለን» ይላሉ። ከወጡት ሸክላዎች ደህና ደህናዎቹን እናቴ ከአጥሩ ሥር ደርድራ ሣር አኖረችባቸውና ዶሮዎቿ እንቁላል ይጥሉባቸው ጀመር። ጋሽ ይመር ይህን ሲያዩ፣ ሸክላው በመጨረሻ ልኩን አገኘ ብለው ሳቁ።

ሥራው ያለቀው ሰኔ ሲገባ ነው። ከላይ በጭቃው ቤት ልስን ላይ የነበሩትን የቆዩ ስንጥቆች መርጠው በእያንዳንዳቸው ላይ ስስ ጀሶ አጋድመው ለጠፉ፤ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ስምንት ቦታ ነበር። በየሳምንቱ አርብ ከጁምዓ መልስ ጥላቸውን ይዘው እየመጡ አንድ በአንድ ያዩታል። ሐምሌ እንዳመሉ ዘነበ። ጀሶው ሁሉ ደህና ነበር፤ እኔም ለትርንጎ እየደወልኩ ደህና ነው እላት ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንዱ ተሰነጠቀ። የሰሜኑ ጥግ ላይ ያለው ነው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እንዳላየሁ ለመሆን አሰብኩ። አርብ ሲመጡ አሳየኋቸውና፣ ይህ እኮ ፀጉር ነው፣ ምንም አይደለም አልኳቸው።

«ፀጉርም ቢሆን ግድግዳው ነግሮናል፣ መምህርት» አሉ።

በዚያ ዝናብ የገዛ እጃቸው የገነባውን ጥግ አስከፈቱት። ከሥሩ የቆየ የጉድጓድ ሙሌት የሆነ ልል አፈር ተገኘ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየያዛቸው ጠንካራው መሬት እስኪደረስ አስቆፈሩና እንደገና ገነቡት። እትዬ ከድጃ ጃንጥላ ይዘው መጥተው፣ ይህ ሰው ሊሞትብኝ ነው እያሉ ከላይ ሆነው ይቆጧቸው ነበር። እሳቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ድንጋይ አቀብሉኝ ይላሉ። አዲስ ጀሶ ለጠፉበት። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ። ከስምንቱ አንዱም አልተሰነጠቀም።

ያን ጊዜ ትርንጎ በስልክ ምስል ደወለች። ከአሠሪዎቿ ማድ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ከኋላዋ የሚያብረቀርቅ ምድጃ ይታያል። ስልኩን ለጋሽ ይመር ሰጠኋቸው። ፊታቸውን አላሳዩዋትም፤ ግድግዳውንም በምስል አላሳዩዋትም። ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስጠግተው ያዙና በመዶሻቸው መቱት። ድንጋይ እንደ ሸክላ አይጮኽም፤ አጭር፣ የታመቀ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ሁለት እርምጃ ሄደው እንደገና መቱ። ምድር ቤቱን እንዲህ ሙሉ ዞሩት። ትርንጎ ከባሕር ማዶ ሆና ታዳምጥ ነበር።

«ሰማሽው?» አሏት ሲጨርሱ።

«ሰማሁት፣ ጋሽ ይመር።»

«በይ ፎቅሽን አውጪ።»

ስልኩን ስቀበላቸው ትርንጎ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ግንበኛ ስህተቱን ሲናገር ስሙ ይወድቃል ያለ ካለ ተሳስቷል። ሰው ቤት ሊገዛ ሲል፣ ሊያድስ ሲል፣ መጀመሪያ ጋሽ ይመርን ይጠራ ጀመር። ቤቱን የሚሸጥ ሰው «ጋሽ ይመር ያንኳኩት ነው» ካለ ክርክር የለም። ከደጎሎ አንድ ሰው የአባቱን ቤት እንዲያዩለት በሚኒባስ መጥቶ ወስዷቸዋል። እሳቸው ደግሞ በምድር ቤታችን በሩ አጠገብ፣ ምንም ሸክም በሌለበት ቦታ፣ ከቀዩ ግድግዳ አንድ እርምጃ ያህል ሆን ብለው ሳያፈርሱ ትተው ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መምህር ሠልጣኞቹን ይዞ በመጣ ቀን ነው። ጋሽ ይመር ሠልጣኞቹን ቀዩ ግድግዳ ፊት አቁመው፣ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አንኳኩት አሏቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየተራ። አሁንም በየዓመቱ ሠልጣኞች ይመጣሉ። በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ፤ በሩን በከፈትኩ ቁጥር አንገቴ ቀና ይላል።

ፎቁ አምና አለቀ፤ ትርንጎም ጠቅልላ መጣች። ለቤቱ ምረቃ ዘመድ ጎረቤቱን ጠራን። ለሙስሊም እንግዶቻችን ለብቻው አሳርደን፣ በሙስሊም ባለሙያ አሠርተን፣ ለጋሽ ይመር ከላይ ከሰገነቱ አጠገብ የክብር ቦታ አዘጋጀን። ያን ጊዜ ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር፤ ደረጃውን ደግፈን ልናወጣቸው ተዘጋጅተን ነበር። ምሳው ገና ሳይነሣ ወጣቶቹ እስክስታ ሲጀምሩ ዘወር ብዬ ባይ ጋሽ ይመር የሉም። እትዬ ከድጃን ብጠይቃቸው ወደ ታች በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ምግባቸውን በሳህን ይዤ ወረድኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ዘርግተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ከላያችን አርባ የሚሆን ሰው ይጨፍራል፤ ጭብጨባውና ዘፈኑ በወለሉ አልፎ ይሰማል። ላናግራቸው ስል ጣታቸውን አነሡብኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። አንድ ዘፈን እስኪያልቅ፣ ሌላው ተጀምሮ እስኪጋጋል ቆየን። ከዚያ እጃቸውን ከግድግዳው አነሡ።

«መምህርት፣ ውጪና ንገሪያቸው» አሉኝ። «ቤቱን ፈርተው ነው የሚረግጡ። ጠንክረው ይርገጡ በያቸው።»

ሳህኑን አጠገባቸው አስቀምጬ ደረጃውን ወጣሁ። እስክስታው መሃል ገብቼ፣ ጋሽ ይመር ጠንክራችሁ እርገጡ ብለዋል አልኳቸው።  ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ሥር አኖረችና መጀመሪያ እሷ ወደ መሃል ገባች።